እማማን የሚጠብቀው ዜማ

ለውድ ወንድሜ ለዌንዴል ራትሊፍ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? በበረዶው ወራት የዓሣ ሣጥን ሳነሣ ቀጨኝ ያልከው ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለማሪቤት ሳትነግር ዋጥ አድርገኸው ትሠራለህ? ማሪቤትስ ደኅና ናት? የኤልሲ የጥርስ ሽቦ ወለቀላት? ክላይስ መዋኘት ተማረ ወይስ ዛሬም ባሕር ሲያይ እግርህ ሥር ይገባል? ያ ጭጋግ የማይለቀው ደሴታችሁ በዚህ ወር እንኳ ፀሐይ አየ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አባባ ሳላቸው ቀንሷል፤ ግራ እጃቸው ግን እንደምታውቀው ነው፣ ማንኪያ ይይዛል፣ የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም። አክስቴ ቬስታ ጉልበቷን እየረገመች ከቤቷ እኛ ቤት ትመላለሳለች። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ድንቹ በቅሏል። ቦሎቄውን ጥንቸል ጨርሶታል።

ይህን ሰላምታ አሟልቼ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው ላይ ስምህን እንኳ ሳልጽፍ ነበር በስድብ የጀመርኩት። እማማ ግን የሰው ጤና ሳትጠይቁ ነገር አትጀምሩ እያለች ነው ያሳደገችን፤ ስለዚህ ጠየቅሁህ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ያለው ወጥ ቤት፣ አባባ ከሚውሉበት ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው። ደግሞም በስልክ አልችልህም። አንዲት ቀልድ ትወረውራለህ፣ እስቃለሁ፣ ተናድጄ እንደ ነበር ትዝ የሚለኝ ከዘጋሁት በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ማሪቤት ታንብብልኝ እንዳትል፤ ብቻህን ሆነህ እስከ መጨረሻው አንብበው። አባባ ከአንድ ወር ወዲህ እኔን አያምኑኝም። እንዲያምኑኝ ማድረግ የሚችል ሰው በዚህ ምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ።

የሜይ ወር የመጀመሪያዋ ቅዳሜ እኔና ጋሬት በአሮጌው ትምህርት ቤት አዳራሽ ሙዚቃ ልንጫወት እንደ ነበር ታውቃለህ። እንዴት አታውቅ፤ ሐሙስ ዕለት ደውለህ «ቅዳሜ ምን ምን ልትጫወቱ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከሄደ ስምንት ዓመቱ፣ ዛሬም ዜማችን ይናፍቀዋል ብዬ ለአክስቴ ቬስታ ሳይቀር አወራሁልህ። አንድ በአንድ ስቆጥርልህ አንተ «ሌላስ? ሌላ የለም?» ትለኝ ነበር። የለም አልኩህ። ዝም አልክ። ያ ዝምታህ ምን እንደ ነበር አሁን ነው የገባኝ።

ጋሬትን እኔ አላመጣሁትም። ባንጆህን ሰቅለህ ወደ ሰሜን ስትሄድ «ከኔ ይሻላል፤ አብራችሁ ሥሩ» ብለህ እጁን ይዘህ ወጥ ቤታችን ያስገባኸው አንተ ነህ። እውነትም ተሻለ። ስምንት ዓመት ሙሉ አሳታሚ ድርጅት የለን፣ የሚያስተዋውቀን የለን፣ ሲዲያችንን ራሳችን አሳትመን ራሳችን በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እየሸጥን፣ በሱ አሮጌ መኪና ከሰው ሳሎን ወደ ሰው ጎተራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወደ ገበያ ቀን ድንኳን ስንዞር ኖርን። ሃያ ሰው ፊትም ሁለት መቶ ሰው ፊትም የምናቆመው አንድ ማይክሮፎን ነው። እኔ ስጠጋ እሱ ፈቀቅ ይላል፣ እሱ ሲጠጋ እኔ ፈቀቅ እላለሁ። አንድ ቀን ተጋጭተን አናውቅም። ባሌን ከፈታሁ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜ አጠገቡ የምቆመው ወንድ እሱ ብቻ ነበር። በዚህ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳታስብ፤ አንተን አውቅሃለሁ።

በዚያች ቅዳሜ አባባ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ መጡ። እንመጣለን አላሉም ነበር። አክስቴ ቬስታ ሸሚዛቸውን ተኩሳ፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝታ፣ ልንጀምር ስንል ከበሩ ስታስገባቸው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የፊተኛውን ወንበር ለቀቁላቸው። እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጨፋሪዎቹ ጫማቸውን አጥብቀው የእንጨቱን ወለል ሲደበድቡት አባባ በደኅናው እጃቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር። ከከተማ የመጡ ብዙ እንግዶችም ነበሩ። እንደዚያ ቀን አምሮልን አያውቅም።

ስድስት ዜማ ከተጫወትን በኋላ ጋሬት ወደ ማይኩ ተጠጋ። እዚያ ዓሣ መሐል ሆነህ ረስተኸው ካልሆነ ልማዳችንን ታውቃለህ። ዜማ ከመጀመርህ በፊት ከማን እንዳገኘኸው ትናገራለህ። ይሄን ከአያቴ፣ ይሄን ከወንዝ ማዶ ከእገሌ፣ ይሄን ከአንዲት ስሟን ካልያዝኩላት ሴት በቀብር ላይ። ሰውየው ኖረም ሞተም ስሙ ይነሣል። ጋሬት ጉሮሮውን ጠረገና «ይሄን ከማንም አላገኘሁትም፤ በበረዶው ወራት ቁጭ ባልኩበት መጣልኝ» አለ። ወደኔ አልዞረም። ይጫወታል ያልነው ሌላ ነበር። ባንጆውን ወደ ዝቅተኛው ቅኝት ሲያወርደው እኔም እንደ ሁልጊዜው ምንም ሳልጠይቅ የቫዮሊኔን ክሮች አብሬ አወረድኩ።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ድምፆች ሲመታ ክው አልኩ። የእማማ ዜማ ነው።

ላንተ መተረክ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ያደረግከውን በዓይንህ እንድታየው ልድገምልህ። እማማ በሞተች በዓመቱ ነው አባባ ያወጡት። ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወርድ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። አባባ ቀድመው ይሄዱና በራችን ላይ ቆመው ይጠብቋታል፤ ሳትደርስ አይገቡም። ለዚህ ነው ዜማው ሁለተኛው ክፍል ላይ ደርሶ አንዲት ድምፅ ላይ የሚቆመው። ሁለት ምት ይረዝማል። ጨፋሪ እግሩን አያስገባበትም፣ አጃቢ ይሳሳትበታል፣ አባባ ግን ግድ የላቸውም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሜይ የመጨረሻዋ እሑድ ለመቃብሮቻችን አበባ ይዘን ጉብታው ላይ ስንወጣ፣ ድንጋይዋ አጠገብ ቆመው ይጫወቱላታል። «እኔ አፈር እስክገባ ይሄ መድረክ አይወጣም፤ ከገባሁ በኋላ እንዳሻችሁ» አሉን። ሁለታችንም እሺ ብለናል። አንተ ከኔ ቀድመህ ነው እሺ ያልከው።

እጃቸው ከታመመ በኋላ ደግሞ እማማ ያለ ዜማ እንዳትቀር ለኔ አስተማሩኝ። ላንተ የነገርኩህ በሁለት ቃል ነው፤ ሥራው ግን አንድ የበረዶ ወራት ሙሉ ፈጅቷል። ዜማው በሁለት ቀን ገባኝ፤ ያቺ እማማን መጠበቂያ ድምፅ ናት አልገባ ያለችኝ። በደኅናው እጃቸው ክንዴን ይዘው «ቆይ፣ ቆይ፣ ገና አልደረሰችም» ይሉኛል። እኔ እቸኩላለሁ። «ምን ያስቸኩልሻል? ዳሌዋ ነው እኮ!» ብለው ይቆጡኛል። አንድ ቀን አገኘኋት። ተነሥተው አንድ ብርጭቆ አሬራ ቀዱልኝ። እሳቸው ለሰው መጠጥ ሲቀዱ አይተህ ታውቃለህ?

እንግዲህ ይህን ዜማ ነው ጋሬት ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አባባ ከፊት ተቀምጠው፣ በበረዶው ወራት መጣልኝ ብሎ የጀመረው።

መቆም ነበረብኝ። ቫዮሊኔን አውርጄ ከመድረክ መውረድ ነበረብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሃን ሳጥብም ላም ሳልብም የምወርድበትን ደረጃ ስቆጥር ነው የምውለው፤ ሦስት ደረጃ ብቻ ነበር። ግን ጓደኛህ ማይኩ ላይ ከጀመረ ብቻውን አትተወውም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከአጎታችን ልጅ ጋር ተኳርፌ መጫወቴን ያቆምኩ ጊዜ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «የጠላሽው ሰው ቢሆንም ዜማው እስኪያልቅ ደግፊው፤ መደባደብ ከፈለግሽ ውጭ ሰፊ ሜዳ አለ።» ይሄው፣ እጄ ከኔ ቀድሞ ተነሣ። ደገፍኩት። ወንድሜ፣ የሰረቀኝን ሰው ደገፍኩት።

ሁለተኛው ክፍል ስንደርስ ደጋኔ እዚያች ድምፅ ላይ ቆመ፤ እማማን ጠበቀ። ጋሬት አልጠበቀም። አለፈ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋጨን፤ ጨፋሪዎቹ ዘወር ብለው አዩኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ መስዬአቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ እፍረት ያዘኝና እሱን ተከትዬ አለፍኩ። ሳልጠብቃት አለፍኩ። አባባን ያየኋቸው ያኔ ነው። እጃቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ደረታቸው ላይ አድርገውት ነበር።

ከየት እንዳገኘው ያወቅሁትም እዚያው ነው። እኔን ሰምቶ ቢሆን፣ ጉብታው ላይ አባባን ሰምቶ ቢሆን ይጠብቅ ነበር። ያ ዜማ ሳይጠብቅ የሚያልፈው በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንተ ይዘኸው የሄድከው ካሴት ላይ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ «በአበባው እሑድ እዚያ ሆኜ ብቻዬን ልስማው» ብለህ አባባን ለመንካቸው። እኔ ነኝ የመቅረጫውን ቁልፍ የተጫንኩት። ውሻችን ራስቲ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጅራቱ ጠረጴዛውን ሲመታው ቴፑ ተንገዳግዶ ያቺን መጠበቂያ ዘለላት። ጓሮ መኪናህ ውስጥ ሆነን ስንሰማው ሳቅን። «ውሻው እማማን በር ላይ ጥሏት ሄደ» አልክ። ለአባባ ደግሞ አንነግራቸውም ተባባልን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አይጫወቱትም፣ ለምን እናሳዝናቸው ብለን። እስከ ዛሬ አያውቁም።

ዝግጅቱ ሳያልቅ የዕረፍቱ ሰዓት ላይ ጋሬትን መኪናው አጠገብ ያዝኩት።

«ከማን ወሰድከው?» አልኩት።

«ከማን ይሆናል? ከራስሽ ወንድም ነዋ! ሌባ መሰልኩሽ? ካሴቱን በፖስታ ላከልኝ።»

«ታዲያ ከማንም አላገኘሁትም ያልከው ምን ሲደረግ ነው?»

«ስም አትጥራ ያለኝ እሱ ነው። ሽማግሌው ሳይሰሙ አንድ ጊዜ ሰው ፊት ይውጣ አለ። እኔ እሳቸው ይመጣሉ ብዬ በምን ልወቅ? ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም እኮ!»

«ለኔስ? ስምንት ዓመት አብሬህ ቆሜ፣ ለኔ መንገር አቃተህ?»

«እምቢ ትይ ነበራ!» አለኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። ቀጥሎም ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ሮዊ፣ ጥሩ ዜማ ነው። ጉብታ ላይ ይበስብስ?» አለኝ።

«ጉብታው ላይ ያለችው እናቴ ናት» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ የመኪናውን ኪስ ከፍቶ ደብዳቤህን አሳየኝ፤ ራሱን ነፃ ሊያወጣ። ጽሕፈትህን ከሩቁ አውቀዋለሁ። «እኔ እዚህ ዓሣ እየጠረግሁ ጆሮዬ ደረቀ፤ የኔ የሆነ አንድ ነገር እንኳ እዚያ መድረክ ላይ ይቁም» ብለህ ጽፈሃል። አልዋሽህም፤ እዚያ ብቻህን ቆመህ ጓንት ባጠለቀ እጅህ የባንጆ ክር ስትነካካ ታየኝ። አዘንኩልህ። ግን ዌንዴል፣ ያንተ አልነበረም። የኔም አልነበረም። ያንተ የሆኑ አሥራ አንድ ዜማዎች አሉህ፤ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በየምሽቱ እጫወትልህ ነበር፣ ስምህንም በየምሽቱ እጠራልህ ነበር። አልጠየቅኸኝም። ሐሙስ ዕለት ደውለህ «ሌላስ?» ነው ያልከኝ።

ጋሬትን ለበጋው ሌላ ቫዮሊን የሚመታ ፈልግ ብዬዋለሁ። የተያዙልን ዘጠኝ ቦታዎች ነበሩ፤ ሁሉንም ተውኩለት። ስለሱ ብዙ አልልህም። እሱን ሳገኘው መንገድ መሻገር እችላለሁ። አንተን ግን በምን በኩል እሻገርሃለሁ?

አባባና አክስቴ ቬስታ ዕረፍቱ ሳያልቅ ወጥተው ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቤት ደረስን። ደረጃው ላይ ልደግፋቸው ስል ክንዳቸውን አስለቀቁኝ። «ሰጠሽው» አሉ። ቀጠሉና «መስጠቱንስ ልተወው። ለጨፋሪ እንዲመች ብለሽ መጠበቂያውን ቆርጠሽ ሰጠሽው» አሉኝ።

እንዲህ ማሰባቸው አያስገርምም። ጠማማ ዜማ ሲያገኙ ለወለሉ እንዲስማማ የሚያቃኑ ስንት አሉ፤ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሲረግሟቸው ኖረዋል። ካሴቱ መዝለሉን አያውቁ፣ በምን ይጠርጥሩ? «አባባ፣ እኔ አልሰጠሁትም» አልኳቸው።

«እጅሽን አይቼዋለሁ» አሉ።

አልዋሹም፤ እጄን አይተውታል።

አክስቴ ቬስታ ወጥ ቤት ውስጥ ይዛኝ «አንቺ ካልሆንሽ ታዲያ ማን ነው? ተናገሪ እንጂ፣ አፍሽ ተሰፋ?» አለችኝ። ስምህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። እንዳይደነግጡ ሐኪም ከልክሏል ብዬ ልነግርህ እችል ነበር፤ ውሸት ነው፣ ሐኪም ምንም አላለም። እውነቱ ይሄ ነው፦ እኔ የዘወትር ልጃቸው ነኝ። ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። አንተ በዓላቸው ነህ። ስልክህ የጮኸ ዕለት ምሳቸውን ሁለት ጊዜ ይበላሉ። ይህን እንዴት ብዬ ልቀማቸው? ላንተ ስል እንዳይመስልህ።

በማግስቱ ቫዮሊናቸውን ከግድግዳው አስወርደው በአክስቴ ቬስታ እጅ አልጋቸው ሥር አስገቡት። እኔን ሳይሆን እሷን አዘዙ። በየጠዋቱ ክሩን የማስተካክለው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ጠዋት ጠዋት እጄን የማደርግበት አጣለሁ።

የአበባው እሑድ ደረሰ። ከቤት ስንወጣ «ያንቺንም ተይው» አሉኝ። ባዶ እጄን ወጣሁ። ሰው እንደ ወትሮው መጣ፤ የአጎት ልጆች ሁሉ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች ሰላጣ፣ የጨርቁ አበባ። ፓስተሩ ጸለየ። ከዚያ ሁሉም ዜማውን ጠብቆ እኔን አየ። የአጎታችን ልጅ የማርሊስ ባል፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ «እስቲ ሮዊ፣ ያቺን አዳራሽ የተጫወታችኋትን የጋሬትን ዜማ!» አለ።

በየዓመቱ እዚሁ ሲሰማው የኖረውን የጋሬትን ዜማ አለ። የእናታችን መቃብር ድንጋይ ላይ እጁን አስደግፎ።

«ክሬ ተበጥሷል» አልኩ። አባባ ሰሙኝ። ቫዮሊን እንዳልያዝኩ እያዩ፣ ስዋሽ ሰሙኝ።

ከዚያ ራሳቸው ተነሡ። ማንም ሳይደግፋቸው በዱላቸው ድንጋይዋ ድረስ ሄዱና አፋቸውን ዘግተው ዜማውን ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፃቸውን ታውቀዋለህ፣ የከሰል ጉድጓዱ አቧራ የጨረሰው። የመጀመሪያውን ክፍል ጨረሱ። ሁለተኛው ላይ ያቺ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጠበቋት። ሁለት ምት አለፈ፣ አራት አለፈ፣ እሳቸው አልቀጠሉም። ሰው ደክሟቸው የተዉት መሰለው። «አሜን» አለ አንዱ። የዶሮው ክዳን ተከፈተ፣ ሳህን መንኳኳት ጀመረ፣ እሳቸው ግን ገና እየጠበቁ ነበር። እየጠበቋት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሄጄ ክንዳቸውን ልይዝ አልደፈርኩም። ለዚህ ነው ይቅርታ ላደርግልህ እየፈለግሁ ያልቻልኩት።

ትናንት እሑድ ነበር። ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩላቸው። ሲበሉ ቆዩና ማንኪያቸውን አስቀምጠው መስኮቱን እያዩ «ዌንዴል ቢኖር ይሄ አይደርስብኝም ነበር። ያ ልጅ አፉ ጥብቅ ነው» አሉ።

አሬራ እየቀዳሁላቸው ነበር። «አዎ አባባ፣ ጥብቅ ነው» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ልለው አልችልም። እኔ ደግሞ በአንተ አፍ ካልሆነ አልነግራቸውም። እኔ ብናገር ራሷን ልታድን ወንድሟን ሸጠች ነው የሚሉት፤ እጄን አይተውታላ።

የአባቶች ቀን እሑድ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትደውላለህ፤ ልክ ከምሳ በኋላ አባባ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ይጠብቁሃል። እንኳን አደረሰዎ ብለህ፣ ቀልድህን ቀልደህ፣ ስለ ዓሣው አውርተህ እንዳትዘጋው። ካሴቱን የላክሁት እኔ ነኝ በላቸው። መጠበቂያውን የቆረጠው ውሻው ነው፣ ሮዌና አይደለችም በላቸው። ይቆጣሉ። ዝም ሊሉህም ይችላሉ፤ ዝም ቢሉህ አትዝጋው፣ እስኪናገሩ ቆይ። እኔ ያን ሰዓት አትክልት ቦታ እሆናለሁ። ስልኩን አላነሣውም፤ ራሳቸው ያንሡት።

ማሪቤትን ሳምልኝ። በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ለአባባ ልክ ሆኗል። ኤልሲን አክስትሽ ፎቶሽን መስታወቴ ላይ ሰክቼዋለሁ ትላለች በላት። ክላይን ጥጃዋን በስምህ ልጠራት ነበር፣ ሴት ሆነች እንጂ በለው። አክስቴ ቬስታ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ የሷ ሰላምታ እውነት ነው፣ ምንም አታውቅምና። አባባም ሰላም በይልኝ ብለዋል። ላንተ ነው ያሉት፣ ስምህን ጠርተው፤ እነሆ አድርሻለሁ። የኔን ሰላምታ ግን እሑድ አባባን አናግረህ ከዘጋህ በኋላ ነው የምሰጥህ።

እህትህ
ሮዌና

ሎረል ሸለቆ፣ ቨርጂኒያ
ሰኞ፣ ጁን 3 ቀን 2019